ሲፕሮና ማግኒዚየም፦ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ወገን! ከፋርማኮሎጂው ጋር ትግሉ ቀጥሏል። ሰሞኑን ያለሁት ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለው አንቲባዮቲክ ላይ ነው፤ ከጠበቅኩት በላይ ይዞኛል።

ሲፕሮ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ኦክስጅኖች አሉት፤ አንዱ የኬቶን፣ ሌላው የካርቦክሲሊክ አሲድ። በመሀላቸው ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየም፣ ካልሲየም ወይም አይረን ካገኙ ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። የጨጓራ ሽሮፕ ጠርሙስ አንስታችሁ ጀርባውን አንብቡ፤ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ሁለቱ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ አብዛኛው ሲፕሮ ደም ውስጥ ሳይገባ በዚያው ይወጣል። ለዚህ ነው ከሽሮፑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰድ የሚባለው። ማራኪ ሰፈር ያሉት አክስቴ ሁለቱን አንድ ላይ ሊወስዱ ሲሉ «እትየ፣ አራርቀው ይውሰዱት» ብላቸው «ሁለቱም ሆድ አይደል የሚገቡት?» አሉኝ። ችግሩም እሱው ነው!

የሚገርመው ግን፣ ሆድ ውስጥ ያበላሸው ያው ማግኒዚየም ባክቴሪያው ውስጥ ለሲፕሮ ያስፈልገዋል። ባክቴሪያ ዲኤንኤውን ሲያባዛ ከፊት ያለው እንደ ከረረ ፈትል ይወጣጠራል። ጋይሬዝ የሚባለው ኢንዛይም ሁለቱንም ክር ይቆርጥና ሌላውን ክፍል በመሀል አሳልፎ መልሶ ይቀጥለዋል። ሲፕሮ የሚሰካው ከተቆረጠ በኋላ፣ ሳይቀጠል ነው። አያያዙ ደግሞ ጉድ ነው፦ ሲፕሮ ማግኒዚየሙን ይይዛል፣ ማግኒዚየሙ 4 የውኃ ሞለኪዩሎች ይይዛል፣ ከኢንዛይሙ ሁለት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች)፣ ከሴሪንና ከአንድ አሲዳማ ጋር፣ የሚያያዙት ውኃዎቹ ናቸው። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ 83ኛ ቦታ ላይ ያለችውን ያቺን ሴሪን ከቀየራት ድልድዩ ይላላል፣ መድኃኒቱም ይዳከማል። ባክቴሪያ መድኃኒትን ስለ መላመዱ ሲወራ ስሰማ የኖርኩት ነገር አንዲት አሚኖ አሲድ ላይ ሲወርድ ማየት አሪፍ ነው።

ዶክሲሳይክሊን ከሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ ጋር እንዳይምታታባችሁ። እሱም ማግኒዚየም ይዞ ነው የሚሠራው፣ ግን የሚሄደው ወደ ራይቦዞሙ (የባክቴሪያው ፕሮቲን መሥሪያ) አር ኤን ኤ ነው።

ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ብሊዮማይሲን ነው። ጃፓናዊው ሃማኦ ኡሜዛዋ ከስትሬፕቶማይሲስ ያገኘው አንቲባዮቲክ ነው፤ ዛሬ የሚሰጠው ግን ለካንሰር ነው። አይረን ይይዛል፣ በአይረኑ ኦክስጅን ይስባል፣ ከዚያ ዲኤንኤውን ራሱ ይበጥሰዋል፤ እንደ ሲፕሮ ኢንዛይም እስኪቆርጥለት አይጠብቅም። ሳንባና ቆዳ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም ስለሚያንሳቸው ጉዳቱ እነሱ ላይ ይበረታል።

ቀጣዩ ሚትራማይሲን የሚባለው መድኃኒት ነው፤ እሱ ደግሞ ሁለት ሆኖ አንድ ማግኒዚየም መሀል አድርጎ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣል። የጀመራችሁት ካላችሁ አብረን እናንብብ።