የጎፍ ላይ የእሳት እራት ፍለጋ

ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ ስላለው መንገድ ብዙ አልልም። ጣርማበርን ስናልፍ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የነቃሁት ከሚሴ ነው። የማልረሳው ያደርኩበትን ቤት ነው። በስልክ 500 ብር የተባልኩት ክፍል ሻንጣዬን ሲያዩ 800 ሆነ። ተጨቃጭቀን 700 ላይ ቆምን። ሙቅ ውሃው «ነገ ይስተካከላል» ተባለ።

ሌሊቱ ደግሞ ባሰ። የበረንዳው አምፖል መስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ማጥፊያው የት እንዳለ ጥበቃውም አያውቅም። መስኮቱ አይገጥም፣ መጋረጃው አጭር። የእሳት እራት በክፍተቱ እየገባ ግድግዳው ላይ፣ ትራሴ ላይ፣ አንዱማ የውሃ ብርጭቆዬ ውስጥ። ተናድጄ ተነሳሁና መጋረጃው ላይ ያረፈውን በስልኬ መብራት ጠጋ ብዬ አየሁት። ከሩቅ ግራጫ ነው። ከቅርብ ግን ቡኒ፣ ጥቁርና አመድማ ቅርፊቶች እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርበዋል። ስነካው ጣቴ ላይ የቀረው ዱቄት ያው ቅርፊቱ ነው። አንቴናው ላባ ይመስላል፤ እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ወንድ ነው፣ የሴቷን ሽታ የሚለቅመው በእሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ ጥናት እንደሚለው፣ ሌሊት የሚበሩ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። ሰማዩ ከምድሩ ስለሚደምቅ ላይና ታች የሚለዩት በዚህ ነው። አምፖል ሲገጥማቸው ጀርባቸውን ለእሱ ይሰጡና ሲዞሩ ያድራሉ። ስለዚህ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፤ የባለቤቱም።

ጠዋት በባጃጅ ከኮምቦልቻ ዳር ወዳለው የጎፍ ተራራ ሄድኩ። ጥዱና ወይራው መሃል አንድ በዕድሜ የገፉ የደን ጠባቂ አገኘሁ። ምን እንደምፈልግ ስነግራቸው ሳቁ።

«ለዚች ብለሽ ነው ከሸገር የመጣሽ? አብሽሪ ልጄ፣ አሳይሻለሁ።»

አንድ የጥድ ግንድ ላይ ጠቆሙኝ። ቅርፊት ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰንበሌጥ ቆርጠው በጫፉ የክንፏን ዳር ተከተሉልኝ፤ ያኔ ብቅ አለች። ክንፏ ላይ ያሉት መስመሮች ከግንዱ ስንጥቆች ጋር ገጥመው ዳሯን አጥፍተውታል። በሰንበሌጡ ነካ ሲያደርጓት በርራ ሌላ ጥድ ላይ አረፈች። መጀመሪያ በደንብ ትታይ ነበር። ከዚያ ትንሽ ተራመደች፣ ወደ ጎን ዞረች፣ እንደገና ዞረች። መስመሮቹ ሲገጥሙ ቀጥ አለች። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ቀለሙን ይዛው ተፈጥራለች፤ አቀማመጡን ግን ትመርጣለች።

ልጇም ከእሷ አታንስም። ቁጥቋጦ ላይ ጭራሮ ያልኩት ነገር ድንገት ወገቡን አጥፎ መራመድ ጀመረ። በኋላ እግሮቹ ቅርንጫፉን ጨብጦ ገትሮ የቆመ ትል ነው። ሲጠግብ አፈር ወይም የረገፈ ቅጠል ውስጥ ገብቶ ፑፓ ይሆናል፤ ማለትም ሽፋን ውስጥ ተኝቶ ወደ ባለ ክንፍ ይለወጣል። ክንፍ ካወጣ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚኖረው ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ተጋብቶ፣ እንቁላል ጥሎ ያበቃል።

ቡና ቀረበልን። ቆሎው ትኩስ ነበር፤ ሌሊቱን አስረሳኝ። እኔም የማንቸስተሯን የእሳት እራት አወራኋቸው። እዚያ ነጭ ክንፏ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ዝርያ አለች። እ.ኤ.አ. በ1848 ጥቁሯ ተመዘገበች። የፋብሪካ ጥላሸት ግንዱን አጥቁሮ የዛፍ ሽበቱን ሲገድለው፣ ነጯን ወፍ ለቀማት። በ1895 በከተማው ዙሪያ 98 በመቶ ያህሉ ጥቁር ሆኑ። ከ1956ቱ የንጹህ አየር ሕግ በኋላ ጭሱ ሲቀንስ ነጯ ተመለሰች።

አዳምጠው ቁልቁል የኮምቦልቻን ፋብሪካዎች አዩ።

«እዚህስ ጠቁራ ይሆን?»

«እስካሁን ያየናት አመድማ ናት» አልኳቸው።

ስሄድ 200 ብር ብሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ስልክሽን ስጪኝ ይልቅ፤ ጥቁር ካገኘሁ እደውላለሁ።» ቁጥሬን በስሜ አልመዘገቡትም። «የእሳት እራቷ» ብለው ነው ያስቀመጡኝ።