የጅቡ ጩኸት ሲቆም በሩ ተንኳኳ

ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም ይሁን! ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ነገሩ የሆነው ፎገራ ነው፣ በጥቅምት። የአራት ዓመት ልጄ ቀኑን ሙሉ «ራሴን» ስትል ዋለች። ማታ ሰውነቷ እንደ ምጣድ ጋለ። እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኗ ተገለበጠ፤ ጥርሷን ነክሳ ትንፈራገጥ ጀመር።

አማቴ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ። «ተበልታለች።»

ማን በላት ብዬ አልጠየቅኩም። በጓሮ በኩል የሚያዋስኑን ሴትዮ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ቡዳ ናቸው ይባላል። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ እሳቸው ሲያልፉ በነጠላዬ እሸፍናታለሁ። ደጄ ላይ ጤና አዳም ተክያለሁ። አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አስሬያለሁ። ቡና ሲጠሩኝ ሰበብ አላጣም ነበር።

አማቴ የልጄን የግራ አውራ ጣት በክር አሰሩ። ፍም አምጥተው አጨሱ። ፊቷን ጭሱ ላይ ደፍተው «ማን ነህ? ተናገር!» ይላሉ። ልጄ እያሳላት «እትዬ» አለች። ጎረቤታችንን የምትጠራቸው እንዲህ ነው።

«ይኸው ለፈለፈ!» አሉ አማቴ።

እውነቱን ልናገር። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን ተቆጣሁት። «ጾምኩ፣ ተሳልኩ፣ ክታቡንም አሰርኩ፤ አንተ የት ነበርክ?» አልኩት። ወዲያው ደነገጥኩና መዝሙር 90ን ጀመርኩ። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር...» ብዬ ቀጣዩ ጠፋኝ። ከልጅነቴ በቃሌ የማውቀው!

ውጭ ጅብ ይጮኻል። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል ሲባል ነው ያደግኩት። ጩኸቱ ድንገት ቆመ። በሩ ተንኳኳ።

«እኔ ነኝ፣ ክፈቱ።» የእሳቸው ድምፅ ነው።

አማቴ ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። በበሩ ስንጥቅ የባትሪ ብርሃን ገባ። ቀጭን ሆኖ ወለሉን አቋርጦ ልጄ እግር ላይ ደረሰ። ትንንሽ ጣቶቿ ሲርገበገቡ አየሁ።

«ልጄ፣ በጭስ አታፍኛት! እኔ የበኩር ልጄን በዚሁ በሽታ ነው የቀበርኩት። ክፈቺ!»

«ከሌሊት ግርማ...» የጠፋኝ መዝሙር ከመካከሉ መጣልኝ። ከፈትኩ። ያን መወርወሪያ የሳበው የኔ ጉልበት አልነበረም።

እትዬ ልጄን ከጭሱ አወጧት። ነጠላቸውን አርጥበው ደረቷ ላይ ጣሉ። ባጃጅ ያለውን ጎረምሳ ከእንቅልፉ ቀስቅሰው አመጡት። (ወንድሜ፣ ሳንቲም አልቀበልም ብለህ ሄድክ። እመቤቴ ትክፈልህ።) ጤና ጣቢያ ተረኛዋ ነርስ ጣቷን ወግታ ደሟን አየች። ወባ ነበር፤ ወደ ጭንቅላቷ ወጥቷል። አርቴሱኔት መርፌ ወጋቻት። ከዚያ በኋላ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ከማለት በቀር አፌ ሌላ ቃል አላወጣም። እትዬም አጠገቤ ቆመው እኩል ይሉ ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ልጄ ዓይኗን ገለጠች። ውሃ አልጠየቀችም። «እትዬ፣ ጀበናዬስ?» አለች።

ለካ እትዬ በአጥር በኩል፣ እኔ ሳላይ፣ አውራ ጣት የምታክል ጀበና ሠርተውላታል። በዚያ ጭስ ውስጥ የጠራቻቸው ስለምትወዳቸው ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን በሥራው አትስደቡ ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ ልጄን ከሸክላ ሠሪ እሸፍን ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። «እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም» እያልኩ እዘምራለሁ፤ ግን ቤቴን ይጠብቅልኛል ብዬ የታመንኩት ቆዳ ነበር።

ልጄ እስክታገግም ሳምንታት አለፉ። ከዚያ እትዬ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝና ቡና አቀረቡ። ሦስቱንም ጠጣሁ። አማቴ እስካሁን እዚያ ቤት አልገቡም። ጸልዩላቸው።

ክታቡን ፈትቼዋለሁ። የማዕተቧም ክር አርጅቶ ስለነበር አዲስ ገዛሁ። እትዬ ናቸው ያሰሩላት። ቋጠሮውን ሲያጠብቁ ጥፍራቸው ሥር የደረቀ ጭቃ ነበር፤ ልጄ አገጯን ቀና አድርጋ ትጠብቃቸዋለች።