ከደብረ ብርሃን፦ የፎቅ መስታወት ጽዳት ደህንነት ሥልጠና፣ ሦስተኛ ሳምንት

ሦስተኛው ሳምንት ትናንት አለቀ። ቃል በገባሁላችሁ መሠረት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የፎቅ መስታወት ማጽዳት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ሁልጊዜ ሴፍቲ ቤልት ታጥቄ ስለምወጣ ጠንቃቃ ነኝ ብዬ አምን ነበር። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኛችን «እህቴ፣ ገመድሽን የምታስሪው ምን ላይ ነው?» ሲለኝ «ያገኘሁት ላይ፤ አሸንዳም ቢሆን፣ የመስኮቱ አሉሚኒየምም ቢሆን» አልኩት። አሸንዳውን ከግድግዳው ጋር የያዘችውን ብሎን ፈትቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ከትንሿ ጣቴ ታንሳለች። ሰው ሲወድቅ ገመዱ ላይ የሚያርፈው የቆመበት ክብደት ብቻ አይደለም፤ ምቱ እጥፍ ድርብ ነው። ለዚህም የአውሮፓው የደህንነት መለኪያ ማሰሪያው፣ ማለትም ገመዱ የሚታሰርበት ነገር፣ ቢያንስ 12 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ከ1,200 ኪሎ በላይ እንዲችል ይጠይቃል። ያቺን ብሎን እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣታለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የሁለተኛው ሳምንት ሂሳብ ነው። እግር ሥር ባለ ነገር ላይ ታስራችሁ ብትወድቁ፦ ገመዱ 2 ሜትር ነው። ምቱን ለማብረድ ታጥፎ የተሰፋው ክፍል ሲተረተር እስከ 1.75 ሜትር ይጨምራል። ጀርባ ላይ ካለው የቤልቱ ቀለበት፣ ገመዱ ከሚያያዝበት፣ እስከ እግር 1.5 ሜትር ገደማ፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 1 ሜትር። ድምሩ ከማሰሪያው በታች 6.25 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እኔ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከመሬት 4 ሜትር ባልሞላ ከፍታ፣ በረንዳው ብረት ላይ አስሬ ስንት ጊዜ ሠርቻለሁ! ገመዱ ሳያቆመኝ መሬት ያገኘኝ ነበር። አሁን ከራሴ በላይ አስራለሁ፤ ከተቻለም ጭራሽ ጠርዙ ጋ የማያደርስ አጭር ገመድ እመርጣለሁ።

አሮጌው ቤልቴም ተጣለ። ለዓመታት ከበረኪና ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ ሳስቀምጠው ኖሬ ስፌቱ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ያዳነ ቤልትም እንደገና አይታጠቅም። አዲስ መግዛት ከእናንተ ኪስ መሆን የለበትም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ ማቅረብንና ስለ አደጋው ማስተማርን የአሠሪ ግዴታ አድርጎታል።

መሰላልን በአጭሩ፦ 4 ሜትር ሲወጣ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል። የእኛ ከተማ ግን ሌላም ጣጣ አላት። ከ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የመሰላሉ መርገጫ ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ በዚያ ላይ እርጥብ እጅ ይደነዝዛል፣ መጨበጡም ይላላል። ስለዚህ ከቡድኔ ጋር ተነጋግረን ፀሐይ ግድግዳውን ሳትመታው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ላለመውጣት ተስማምተናል። ደንበኛ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ተንጠልጥሎ መቆየትን ቀመስን። ከመሬት ግማሽ ሜትር ብቻ ከፍ ብዬ፣ አሠልጣኙ አጠገቤ ቆሞ፣ 4 ደቂቃ። የቤልቱ የጭን ጠፍር እየያዘኝ እግሬ ከበደ፣ ከዚያም ደነዘዘ። ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ተጠራቅሞ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ቤልቱ ከመውደቅ ያዳነው ሰው እዚያው ተንጠልጥሎ ሊሞት ይችላል ማለት ነው። «ማን ነው የሚያወርድሽ? በምን?» የሚለው ጥያቄ ከመውጣቴ በፊት መልስ ሊኖረው እንደሚገባ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ ብቻዬን አልወጣም።

ጓደኛዬን ለማውረድ የመጀመሪያው ሙከራዬ 11 ደቂቃ ፈጀ፤ ትናንት 6 ደረስኩ። አሁንም ብዙ ነው፤ ገመዱን ወደ ማውረጃው፣ ሰውን ቀስ አድርጎ ወደሚያወርደው መሣሪያ፣ ሳዛውር እጄ ይተሳሰራል። በሚቀጥለው ሳምንት በየራሳቸው ማሰሪያ በታሰሩ ሁለት ገመዶች ከጣሪያ እንወርዳለን። ያስቸገረኝ፣ እዚህ ብዙ ሕንፃ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ከላይ ጠንካራ ኮንክሪት አይገኝም። እንዲህ ዓይነት ጣሪያ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ምን ላይ እንዳሰራችሁ ጻፉልኝ።