«ስሜን አስገባልኝ» የማይሠራበት የኦንላይን ቡድን ሥራ

በወረቀት የሚቀርብ የቡድን ሥራ ለአስተማሪው የሚያሳየው ሽፋኑ ላይ የተደረደሩትን ስሞች ነው። ማን እንደጻፈው፣ ማን «ስሜን አስገባልኝ» ብሎ እንደቀረ አይታወቅም። ኦንላይን ሲሆን ግን ሥራው ዱካ ይተዋል፤ ጉግል ዶክ እያንዳንዱን ለውጥ በስምና በሰዓት ይይዛል፣ የኦንላይን ትምህርት መድረኩ ሙድል ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል። ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላሉ ተማሪዎች የምሰጠውን የኢኮኖሚክስ መግቢያ ያስተካከልኩት ይህን ዱካ እያነበብኩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የማየው የተማሪ ስንፍና ሳይሆን የጥያቄውን ድክመት ነው።

«የዋጋ ንረትን መንስኤዎች ተወያይታችሁ ጻፉ» የሚለውን አንድ ሰው ብቻውን መጨረስ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ ይጨርሰዋል። በ1 ለ 5 አደረጃጀት ያለፈ ተማሪ ደግሞ ጎበዙ ሠርቶ ሌላው መፈረሙን ለምዶታል። ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ሪንገልማን በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገመድ መሳብ ሙከራ፣ የሳቢው ቁጥር ሲጨምር የእያንዳንዱ ድርሻ እንደሚቀንስ አሳይቷል። መፍትሔው ቁጣ ሳይሆን ሥራው ያለ አንዱ አባል እንዳይሞላ አድርጎ ማውጣት ነው።

እኔ ቡድኑን አራት አደርገዋለሁ። አምስተኛው ይደበቃል፤ ሦስት ከሆኑ ደግሞ የአንዱ መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከኮምቦልቻ፣ አንዱ ከሐይቅ፣ አንዱ ከባቲ የነጭ ጤፍ፣ የቀይ ሽንኩርት፣ የምስርና የዘይት ዋጋ ለሦስት ሳምንት ይመዘግባሉ። ከዚያ የዋጋውን ልዩነት በጋራ ያብራራሉ። የአንዱ ገበያ ከጎደለ ሰንጠረዡ ባዶ ረድፍ ይኖረዋል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በኦስቲን፣ ቴክሳስ ትምህርት ቤቶች የጀመረው «ጂግሶው» የሚባል ዘዴ በዚሁ መርህ ይሠራል፦ እያንዳንዱ ተማሪ ሌሎቹ የሌላቸውን ክፍል ይይዛል።

መለኪያውን አስቀድሜ አልወስንላቸውም። አንዱ በኪሎ፣ ሌላው በጣሳ ይዞ ይመጣል፤ ቁጥሮቹ አልገጥም ሲሉ ክርክር ይነሳል። ዶክመንቱ ላይ አራቱም ስም መታየት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። መምህር ቀድሞ «በኪሎ ብቻ» ካለ፣ እውነተኛውን የቡድን ሥራ ራሱ ሠርቶላቸዋል ማለት ነው።

ቡድን ስመድብ ጓደኝነትን ሳይሆን የኢንተርኔት ሰዓትን አያለሁ። የሌሊት ጥቅል የሚገዛውንና ከሥራ መልስ ቀደም ብሎ የሚገባውን አንድ ላይ ካደረግኩ፣ የቀጥታ ስብሰባ አላስገድድም። ቴሌግራም ላይ በድምፅ የተወሰነ ነገር ሁሉ ግን በማግስቱ ዶክመንቱ ላይ በሦስት ነጥብ ይሰፍራል፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ።

ዱካው ፍርድ እንዳልሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። ላፕቶፕ የሌላት ተማሪ ደብተሯ ላይ ጽፋ ለጓደኛዋ ልታነብለት ትችላለች፤ የዶክመንቱ የለውጥ ታሪክ የሚያሳየው ግን የጓደኛዋን ስም ነው። ስለዚህ ዜሮ ከመስጠቴ በፊት ስለ ራሷ ገበያ ሁለት ሦስት ጥያቄ አቅርቤ በድምፅ እንድትመልስ አደርጋለሁ። የሠራ ሰው ወዲያው ይመልሳል።

ከ100 ነጥብ 50ው ለግል መረጃና ትንተና፣ 35ቱ ለጋራው ሪፖርት፣ 15ቱ ለእርስ በርስ ግምገማ ነው። «ጓደኛህን ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ይሉኝታ ስላለ ሁሉም 10 ይሰጣጣሉ። እኔ የምጠይቀው «ይህ አባል የሠራውን አንድ ሰንጠረዥ ወይም አንቀጽ ጥቀስ፤ ያንተን ሐሳብ ያስለወጠህ የት ላይ ነው?» ብዬ ነው። መልሱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

የማስረከቢያ ቀን ተራ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ቡድን የሚወድቀው ግን እዚያ ነው። የባቲ ትልቁ ገበያ ሰኞ ስለሆነ እሑድ ማታ አስረክቡ ማለት ያንን ተማሪ ባዶ እጁን ማስቀረት ነው፤ እኔ ሐሙስ አደርገዋለሁ። ሙድል 6:00 PM ሲል በእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው፤ ማታ 6 ሰዓት ብሎ ያነበበ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ መመሪያው ላይ ሁለቱንም እጽፋለሁ። ሙድል ላይ ሁሉም የቡድኑ አባላት ማስረከቢያውን እንዲጫኑ የሚያስገድደውን ምርጫም አጠፋዋለሁ። ካልጠፋ፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት አንድ ተማሪ እስኪጫን ድረስ የአራቱም ሥራ ረቂቅ ሆኖ ይቀራል። በምትኩ አንዱ ያስረክብና ማረጋገጫውን በስክሪንሹት ለቡድኑ ቴሌግራም ይልካል።