አደራሽን

ዘንድሮ መስከረም ላይ የአክስቴ ልጅ ከጎጃም መጥታ እኛ ቤት ገባች። አዲስ አበባ ኮሌጅ ልትማር ነው። አክስቴ ጴንጤ መሆኔን ታውቃለች። ጌታን ከተቀበልኩ 14 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያ ሰሞን ከቤተሰቡ ጋር ያልተባባልነው ነገር አልነበረም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ፊት የነሱኝ ነበሩ። እሷ ግን አንድም ቀን አልራቀችኝም። ልጇን ስትልክልኝም ስለ ሃይማኖት ትንፍሽ አላለችም። "አደራሽን" ብቻ ነው ያለችኝ።

ልጅቷ 19 ዓመቷ ነው። ጠዋት ከሁላችንም ቀድማ ትነሳና ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትጸልያለች። ወደ ማድ ቤት ሳልፍ በበሩ ክፍተት አያታለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ። 55 ቀን። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። እኛ ቤት ግን ኑሮው እንደ ወትሮው ቀጠለ። እሷ በትንሿ ድስት ሽሮዋን ትሠራለች፣ እኛ ጥብሳችንን እንጠብሳለን፣ ከዚያ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁጭ ብለን እሷ የራሷን እኛ የራሳችንን። አላስገደድኳትም፣ አልሰበክኳትም። ጥሩ እንደያዝኳት ነበር የሚሰማኝ።

አራት ሳምንት ሊሞላ ሲል፣ የደብረ ዘይት ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንቁላል ፍርፍር እየሠራሁ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"እትዬ፣ ግን ኃጢአት አይሆንም?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ወደ አፍ የሚገባ ሰውን አያረክስም አልኳት። መብል ወደ እግዚአብሔር አያቀርበንም፣ ባንበላ አይጎድልብንም፣ ብንበላ አይተርፈንም አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ሳህን አመጣች። በላች። ደስ አለኝ። አንድ ሰው ነፃ ሲወጣ ያየሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ማታ እናቷ ደወለች። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር። "የጾሙ እኩሌታ ደረሰ፣ እንዴት ይዞሻል ልጄ?" አለቻት። "ደህና ነው እማዬ፣ እየጾምኩ ነው" አለች። ስልኩን ዘጋችና ሄዳ የታጠበ ዕቃ እንደገና ማጠብ ጀመረች። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የውኃውን ድምፅ እሰማለሁ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በበሩ ክፍተት የማየው ነገር ጠፋ። ነጠላዋ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ነው የሚውለው። እኔ የማምነውን አላመነች፣ የእናቷንም ትታለች። በዚህ መሀል እናቷን ዋሽታለች። ከእኔ ያገኘችው ይሄን ነው።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ አንደኛ ቆሮንቶስ 8ን ከፈትኩ። ለእሷ የጠቀስኩላት የመብሉ ቃል እዚያ ነው፣ ቁጥር 8። የሚቀጥለው ቁጥር 9 ነው፣ ይህ መብታችሁ ለደካሞች ዕንቅፋት እንዳይሆን ተጠንቀቁ ይላል። ስንት ጊዜ ያነበብኩት ምዕራፍ! አንድ ቁጥር ሲቀረኝ ነው ያቆምኩት።

ይሄ ምዕራፍ ለእኛ አገር ሰው ሩቅ አይደለም። ቆሮንቶስ ውስጥ ለጣዖት የታረደ ሥጋ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር፤ ሥጋውን ማን አረደው፣ በማን ስም ታረደ የሚለውን ጥያቄ እኛም በየሠርጉና በየለቅሶው እናውቀዋለን። ጳውሎስ እዚያ ከተማ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል፣ ሰዎቹን በደንብ ያውቃቸዋል። ጣዖት ከንቱ ነው የሚሉት ሰዎች ትክክል ናቸው፣ እሱም አልካዳቸውም። የፈራው ሌላ ነገር ነው። ገና ልቡ ያልቆረጠ ሰው እነሱን አይቶ ይበላል፣ እየበላ ሕሊናው ይቆስላል። በየቤተ ክርስቲያናችን "አሰናከልከኝ" የሚለው ቃል "ያደረግከው አልጣመኝም" ማለት ሆኗል። እዚህ ግን የተሰናከለው ሰው የተቆጣው አይደለም። አይቶ የተከተለው ነው።

"ደካማ" የሚለው ቃል ላይ ግን እስካሁን አልተስማማሁም። ያቺ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ትማር ነበር። እኔ ምሳ ለአንድ ሰዓት ቢዘገይብኝ የምነጫነጭ ሰው ነኝ። ማን ነው ደካማው?

ለባለቤቴ እስከ ፋሲካ ቤታችን ውስጥ ሥጋ አይገባም ስለው ደነገጠ። "ከሕግ በታች ልታስገቢን ነው?" አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እኔም አስቤበት ነበር። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ገርዞታል፣ ቲቶን ግን እንዲገረዝ አልፈቀደም። ያው ሰው ነው፣ ያው ወንጌል ነው። ካልተገረዝክ አትድንም ለሚሉት አንድ ስንዝር አልለቀቀም። ወንጌሉን ለሚሰሙት አይሁድ ዕንቅፋት እንዳይሆን ሲል ግን ለቀቀ። እኔን ማንም ካልጾምሽ አትድኚም አላለኝም። አንዲት ልጅ ናት የምታየኝ። ባለቤቴ ብዙ አልተከራከረም፣ በማግስቱ ራሱ ምስር ገዝቶ መጣ።

እሷን ማናገሩ ነው የከበደኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያልኩሽ ነገር ውሸት አይደለም፣ ግን ልብሽ ሳይቆርጥ ነው ያበላሁሽ" አልኳት። አለቀሰች። "ለንስሐ አባቴ ምን ልበል?" አለችኝ። ጴንጤ ሆኜ ይሄን እመክራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ግን ሂጂና እውነቱን ንገሪያቸው አልኳት። ሄደች። ምን እንዳሏት አልጠየቅኳትም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ነጠላው ከወንበሩ ይነሳ ጀመር።

ሚያዝያ 12 ፋሲካ ሆነ። እሷ ጎጃም ሄዳ ከእናቷ ጋር ፈሰከች። በማግስቱ አክስቴ ደወለች። ቅቤና ድፎ ዳቦ ልካልኛለች፣ ልጇ ስትመለስ ትይዘዋለች። ከዚያ "ጾም በማይገባበት ቤት ልጄን ስላስጾምሽልኝ እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ። ድምፄ ጠፋ። ከጀርባ የልጅቷን ሳቅ እሰማለሁ፣ ከታናናሾቿ ጋር ትጫወታለች። አሜን ማለት አቃተኝ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ቅቤው መጥቷል፣ እስካሁን አልነካሁትም። ለአክስቴ እውነቱን መንገር እፈልጋለሁ፣ ግን የልጅቷም ጉዳይ ነው። ዛሬ ማታ ከክፍል ስትመለስ አስፈቅዳታለሁ።