ካርኖሲንን እያጠናሁ፦ እስካሁን የገባኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከክሬቲን ቀጥዬ ካርኖሲንን፣ ጡንቻችን ውስጥ ያለ ትንሽ ሞለኪውል፣ እያነበብኩ ነው። ጂም ለምትሠሩም፣ ለምትሮጡም፣ እንደ እኔ ባዮኬሚስትሪ ለምትወዱም ይጠቅማል ብዬ ነው የማካፍላችሁ።

ካርኖሲን ዳይፔፕታይድ ነው። ሁለት አሚኖ አሲዶች፣ ቤታ-አላኒንና ሂስቲዲን፣ ተያይዘው የሚሠሩት ትንሽ ሞለኪውል ማለት ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ኬሚስት ቭላድሚር ጉሌቪች ከሥጋ ጭማቂ ውስጥ ለይቶ አወጣው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው «አንቲኦክሲዳንት» (ሕዋስን ከጎጂ የኦክሲጅን ዓይነቶች የሚከላከል) የሚለው ማዕረጉ ነው። ባነበብኩ ቁጥር ግን ይህ ማዕረግ የታሪኩ ግማሽ እንኳን አይመስለኝም። ጡንቻ ውስጥ በደንብ የተረጋገጠው ሥራው አሲድ መያዝ ነው።

በዚህ በኩል በጣም የወደድኩት በ1953 እ.ኤ.አ. የሞስኮው ባዮኬሚስት ሰርጌ ሴቨሪን ያደረገውን ሙከራ ነው። የእንቁራሪት ጡንቻ ከነነርቩ አውጥተው እስኪዝል ድረስ በኤሌክትሪክ አሠሩት። ከዚያ በተነከረበት ፈሳሽ ላይ ካርኖሲን ጨመሩበት። የዛለው ጡንቻ እንደገና መኮማተር ጀመረ። ይኸው ነው። ይህ ክስተት እስከ ዛሬ በሴቨሪን ስም ይጠራል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያረፈ ጡንቻ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 7.1 አካባቢ ነው። በሙሉ ኃይል ስንሮጥ አሲድነትን የሚያመጣው ሃይድሮጂን አዮን ይከማችና ወደ 6.5 ሊወርድ ይችላል። አራት መቶ ሜትር የሮጠ ሰው መጨረሻዋን መቶ ሜትር ያውቃታል፤ እግር አልታዘዝ የሚልባት ቦታ ናት። በካርኖሲን ውስጥ ያለው የሂስቲዲን ቀለበት ሃይድሮጂን አዮንን ይዞ ያስቀራል። ከካርኖሲን ሞለኪውሎች ግማሾቹ አዮን ይዘው የሚገኙበት የፒኤች ነጥብ 6.83 ነው። ያ ቁጥር በ7.1 እና በ6.5 መካከል መውደቁን ሳይ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ተመላለስኩ። ሂስቲዲን ብቻውን ሲሆን ይህ ነጥብ ወደ 6 ይወርዳል፤ ለጡንቻ ዘግይቶ የሚደርስ ይሆናል። ከቤታ-አላኒን ጋር መያያዙ ነው ልኩ ቦታ ላይ ያስቀመጠው።

ስለዚህ ፈጣን የጡንቻ ክሮች ከዘገምተኞቹ የበለጠ ካርኖሲን መያዛቸው አይገርምም። አጭር ርቀት ሯጮች ከማራቶን ሯጮች ይበልጣሉ። የእሽቅድምድም ፈረስ ደግሞ ከሰው ብዙ እጥፍ አለው።

ወደ አንቲኦክሲዳንትነቱ ልምጣ። በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ካርኖሲን ጎጂ የኦክሲጅን ዓይነቶችን ያረግባል፣ መዳብና ብረትንም ይይዛል። እኔን ያሳመነኝ ግን አልዲሃይዶችን የሚይዝበት መንገድ ነው። የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ያለው ስብ ሲበላሽ እንደ አክሮሊን ያሉ አልዲሃይዶች የሚባሉ ጎጂ ውሕዶች ይፈጠራሉ። እነዚህ ፕሮቲን ላይ ተጣብቀው ሥራውን ያበላሹበታል። ካርኖሲን መሃል ገብቶ በፕሮቲኑ ፈንታ ራሱ ይጣበቃል፤ ተጣምረው የቀሩት ውሕዶች በሰው ጡንቻና ሽንት ውስጥ ተገኝተዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ቤታ-አላኒን የወሰዱ ሰዎች ከከባድ የብስክሌት ልምምድ በኋላ ጡንቻቸው ሲመረመር የካርኖሲንና የአክሮሊን ጥምር ጨምሮ ታይቷል። ነገሩ በሕያው ሰው ጡንቻ ውስጥ የታየ ስለሆነ ለእኔ ከብልቃጡ ውጤት ይበልጥ ይመዝናል።

አሁን የእኛን ቤት የሚነካው ጥያቄ፦ ጾም። ካርኖሲን የሚገኘው በሥጋ፣ በዶሮና በዓሣ ነው። ሽሮና ምስር ውስጥ የለም። ታዲያ በሁዳዴ ጡንቻችን ባዶ ይሆናል? አይሆንም። ጉበታችን ራሱ ቤታ-አላኒን ይሠራል። ሥጋ በላ የነበሩ ሴቶች ለስድስት ወር ሥጋ ትተው ሲጠኑ የጡንቻቸው ክሬቲን ቀንሷል፤ ካርኖሲናቸው ግን አልቀነሰም። ለዓመታት ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ዝቅ ያለ መጠን እንዳላቸው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሃምሳ አምስት ቀን ግን ለዚህ አያሰጋም። ጾመኛ ሯጭ ጓደኞቼ፣ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።

ሌላም አለ። ካርኖሲኑን ከሥጋ ብንበላውም እንዳለ ጡንቻ ውስጥ አይገባም። የሰው ደም ውስጥ ካርኖሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ቶሎ ይሰነጥቀዋል። ጡንቻ ቤታ-አላኒኑን ወስዶ ከራሱ ሂስቲዲን ጋር እንደገና ይገጣጥመዋል። ሂስቲዲን ሞልቶ ስለሚገኝ ምርቱን የሚወስነው ቤታ-አላኒን ነው። ለዚህ ነው ስፖርተኞች ካርኖሲን ትተው ቤታ-አላኒን የሚገዙት። በቀን ከ3.2 እስከ 6.4 ግራም ለአራት ሳምንት ሲወሰድ የጡንቻ ካርኖሲን ከ40 እስከ 60 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። ከወሰድኩ ትንሽ ቆይቶ ጆሮዬ ጀርባና እጄ ላይ መንዘር ጀመረ፤ ፊቴንም ወረረኝ። አለርጂ አይደለም። ቤታ-አላኒን ቆዳ ላይ ያሉ የስሜት ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ ነው፣ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይለቃል። በአንድ ጊዜ ከ800 ሚሊግራም ሳልበልጥ ከፋፍዬ ስወስድ ቀረልኝ። ኩላሊት ወይም ሌላ ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርም የሆናችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ውጤቱን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። ጥቅሙ በደንብ የታየው ከአንድ እስከ አራት ደቂቃ በሚቆይ ከባድ ሥራ ላይ ነው። ያም ሆኖ በ2007 እ.ኤ.አ. የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የ400 ሜትር ሯጮችን ሲያጠና ካርኖሲናቸው ጨመረ፣ ሰዓታቸው ግን አልተሻሻለም። ልምምድና እንቅልፍ ያልሰጣችሁን ዱቄት አይሰጣችሁም።

አሁን የያዝኩት አንሰሪንን ነው፤ የካርኖሲን ወንድም፣ በዶሮ ደረት ሥጋ ውስጥ በብዛት ያለው። ከእሱ ቀጥሎ በዓሣ ነባሪ ጡንቻ ውስጥ ያለውን ሌላ ዘመዱን፣ ባሌኒንን፣ አነባለሁ። ለረጅም ጊዜ ትንፋሽ ይዞ የሚጠልቅ እንስሳ ጡንቻ አሲዱን እንዴት እንደሚችለው ማወቅ እፈልጋለሁ። በዚህ ላይ ያነበባችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ።