ዓይን ከኳሷ ላይ ሳይነቀል

የአውስትራሊያ ፉትቦልን፣ እዚህ ሜልበርን ሁሉም ሰው በቁልምጫ «ፉቲ» የሚለውን ጨዋታ፣ በቅርብ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እነዚህ ተጫዋቾች ጀግና ተብለው ሲወደሱ የሚወደሰው የትኛው ሥራቸው ነው? ባላጋራን ገጭተው መጣላቸው ነው፣ ሕመማቸውን ዋጥ አድርገው መጫወታቸው ነው፣ ወይስ ሌላ ነገር አለ? ልጄ በሰፈራችን የሴት ታዳጊዎች ቡድን መጫወት ከጀመረች በኋላ ደግሞ ጥያቄው የቤቴ ጥያቄ ሆነ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው በመጀመሪያ መግለጽ ያለብኝ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ነው። ሜዳው ሞላላና እጅግ ሰፊ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቡድን 18 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ኦፍሳይድ የሚባል ሕግ ስለሌለም ባላጋራ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላም ሊመጣ ይችላል። ቢያንስ 15 ሜትር የተመታችን ኳስ ማንም ሳይነካት ከአየር ላይ የቀለበ ተጫዋች «ማርክ» ወሰደ ይባልና ያለ ተቀናቃኝ የመምታት መብት ያገኛል። ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሳው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ወጥቶ የሚወስደው ማርክ ነው። ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው የሚከባበሩበት ግን ሌላ ነው። ኳሷ ከኋላው ተመትታ በራሱ ላይ ስታልፍ፣ አንገቱን አዙሮ እሷን ብቻ እያየ ወደምትወርድበት ቦታ የሚሮጥ ተጫዋች አለ፤ ከዚያ ከምትወርድበት አቅጣጫ ደግሞ ያቺኑ ኳስ የፈለጉ መቶ ኪሎ የሚጠጉ ሰዎች በሙሉ ፍጥነት ወደ እሱ እየመጡ ነው። እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል፤ አያያቸውም። ለማየት ቢሞክር ኳሷ ታመልጠዋለች።

የብሪስቤን ላየንሱ ጆናታን ብራውን የታወቀው በዚህ ነው። በ2002 ከሆውቶርን ጋር በተደረገ ጨዋታ፣ ወደ እሱ ከሚመጡት ባላጋራዎች መካከል ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ገብቶ የወሰዳት ማርክ እስከ ዛሬ በየጊዜው ትታያለች። እኔም ደጋግሜ አይቻታለሁ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ የምመለከተው እጆቹን ነው። ሰው ሊመታ መሆኑን ሲያውቅ እጁ በደመ ነፍስ ወደ ደረቱ ይሰበሰባል፤ የብራውን እጆች ግን እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ላይ ተዘርግተው፣ ጎድኑ ሙሉ በሙሉ ተጋልጦ ይታያል። ማንንም አልጎዳም፣ ማንንም አላስፈራራም፤ ለቡድኑ አንዲት ኳስ ለማስቀረት ደረቱን ሰጠ። በዚህ ጨዋታ ድፍረት የምለው ይህንን ነው፤ ከመምታት ይልቅ ለመመታት ራስን ክፍት ማድረግን።

ይሁንና ሕዝቡ ይበልጥ የሚተርከው ስለ ሌላው ጥንካሬ፣ ጥርስን ነክሶ ስለ መቀጠል ነው። ከሁሉ በላይ የሚነሳው የ1989 የፍጻሜ ጨዋታ ነው። ጨዋታው በተጀመረበት ቅጽበት የጂሎንጉ ማርክ ዬትስ የሆውቶርኑን ደርሞት ብረርተንን ሮጦ መጥቶ ገጨው። ብረርተን ጎድን አጥንቱ ተሰብሮ፣ ኩላሊቱም ተጎድቶ ሜዳው ላይ አስታወከ፤ ከሜዳ አልወጣም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ማርክ ወስዶ ጎል አስቆጠረ። በዚያው ጨዋታ የቡድን ጓደኛው ሮበርት ዲፒርዶሜኒኮ ሳንባው ተበስቶ እስከ መጨረሻው ተጫወተና ከሜዳ ወደ ሆስፒታል ተወሰደ። ሆውቶርን በ6 ነጥብ ብቻ አሸነፈ። ይህን ታሪክ ስሰማ ልቤ እንደ ማንም ሰው ይሞላል፤ ያደግሁበት አገር በቁስል ላይ ቁስል ተቀብሎ ከጦር ሜዳ የማይመለስን ሰው በቀረርቶና በፉከራ ሲያወድስ የኖረ ነውና ስሜቱ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ሳንባው ተበስቶ ከሮጠ ሰው ጋር አብሮ መነገር ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ያን ዕለት ዕድል ባይቀናው ኖሮ የሚተረከው የሞት ታሪክ ይሆን ነበር።

የምኖረው ፉትስክሬይ ነው፤ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች ከበዙባቸው የሜልበርን ሰፈሮች አንዱ። የዌስተርን ቡልዶግስ መቀመጫ የሆነው ዊተን ኦቫል ከእነዚሁ መንገዶች ብዙም አይርቅም። በ1975፣ ሜዳው ገና ዌስተርን ኦቫል ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ከአደሌድ የመጣው ኒል ሳክስ ለፉትስክሬይ (ቡልዶግስ ያኔ የሚጠራው በሰፈሩ ስም ነበር) ሁለተኛ ጨዋታውን ሲያደርግ ከባላጋራ ጋር ተጋጭቶ አንገቱ ተሰበረ፤ ከዚያች ዕለት ጀምሮ በ2020 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረ። ማንም ሕግ አልጣሰም፤ እንደ ማንኛውም ተጫዋች ወደ ኳሷ እየሄደ ነበር። ሳክስ በኋላ በስሙ ፋውንዴሽን አቋቁሞ በአከርካሪ ጉዳት ላይ ለሚደረግ ምርምር ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። በሜዳው በር አጠገብ ሳልፍ የማስበው ስለ ሁለተኛ ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ስለ ቀጣዮቹ 45 ዓመታት ጭምር ነው፤ ማንም በጭብጨባ ያልሸኘው ጽናት ያለው በእነዚያ ውስጥ ነው።

ከአጥንት ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን የማይታየው ጉዳት፣ የጭንቅላቱ ነው። ተደጋጋሚ የጭንቅላት ምት ከዓመታት በኋላ ሲቲኢ የሚባለውን የአንጎል ሕመም ሊያመጣ ይችላል፤ በእርግጠኝነት የሚታወቀውም ሰውዬው ካለፈ በኋላ አንጎሉ ሲመረመር ነው። በ2019 ባረፉት በግራም «ፖሊ» ፋርመር እና በዳኒ ፍሮሊ፣ በ2020 ባረፈው በሼን ታክ አንጎል ውስጥ ተገኝቷል። ሦስቱም በጥንካሬያቸው የተመሰገኑ ነበሩ። በ2023 ደግሞ ስለ ሄዘር አንደርሰን ተሰማ። በ2017 በተካሄደው የመጀመሪያው የሴቶች ሊግ ከአደሌድ ጋር ዋንጫ ያነሳች፣ በሠራዊቱም ውስጥ በሕክምና ሙያ ያገለገለች ወጣት ነበረች፤ በ2022 በ28 ዓመቷ አረፈች። ሲቲኢ የተገኘባት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ እሷ ናት። ስትጫወት ደማቅ ሮዝ የራስ መከላከያ ታደርግ ነበር፤ ዓይናቸው የደከመው እናቷ ከተጫዋቾቹ መካከል እንዲለዩዋት ነው። ልጅ ሆነን ሮጦ ያመለጠውን «ፈሪ ለእናቱ» እያልን እንሳለቅበት ነበር። የእኚህን እናት ነገር ካነበብኩ በኋላ ግን ያ አባባል ከአፌ አይወጣም።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን የአንገስ ብሬሾ ውሳኔ ከብራውን ማርክ አያንስም። በመስከረም 2023 ቡድኑ ሜልበርን ከኮሊንግዉድ ጋር ባደረገው ጨዋታ ብሬሾ ኳሷን እንደመታ ባላጋራ በአየር ላይ መጥቶ ትከሻው ጭንቅላቱን አገኘው፤ ወዲያው ራሱን ሳተ። ለዓመታት የራስ መከላከያ ያደርግ ነበር፤ የራስ መከላከያ ቆዳን ከመተልተል ያድናል እንጂ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ እንዳይናወጥ አያደርግም። በየካቲት 2024፣ በ28 ዓመቱ፣ የሐኪሞችን ምክር ተቀብሎ ጫማውን ሰቀለ። በጉብዝናው ወራት ላለ፣ ለሚወደው ጨዋታ ነፍሱን ለሰጠ ሰው «በቃኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ብራውንም ቢሆን ፊቱ ደጋግሞ ከተሰባበረ በኋላ በ2014 ያቆመው በጭንቅላት መናወጥ ምክንያት ነበር፤ ሰዎች ይህን የታሪኩን ክፍል ከማርኩ ጋር አያይዘው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ አልሰማሁም።

አንድ ሌላ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም፤ እኔ ጥቁር አባት ነኝና። በሚያዝያ 17 ቀን 1993 ቪክቶሪያ ፓርክ በሚባለው የኮሊንግዉድ ሜዳ፣ የሴንት ኪልዳው የአቦርጂን ተወላጅ ኒኪ ዊንማር ቀኑን ሙሉ በቆዳው ቀለም ሲሰደብ ዋለ። ቡድኑ ካሸነፈ በኋላ ወደ ተሳዳቢዎቹ ዞሮ ማሊያውን ወደ ላይ ገልጦ በጣቱ ገላውን አመለከተ። እሱም ጎድኑን ከፍቶ የቆመ ሰው ነው፤ የሚመጣበት ምት ከሰው ትከሻ ሳይሆን ከብዙ ሺህ ሰው አፍ ነበር። ሊጉ የዘር ስድብን የሚከለክል ደንብ ያወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1995 ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ጨዋታ ለማየት ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጨቅይቷል። አንዲት ኳስ ከመሐል ወጥታ ልጄ ወዳለችበት ስትንከባለል፣ ከወዲያ በኩል ከእሷ በአንድ ራስ የምትበልጥ ልጅ እየሮጠች መጣች። ልጄ ቀጭን ናት፤ ቤት ውስጥ ድመት የምትፈራ ልጅ ናት። አንድ ጊዜ ስትፈራ አየኋት፤ እርምጃዋ ተቆረጠ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለት እጆቿን ጭቃው ውስጥ ሰዳ ኳሷን አቀፈቻት፤ ተገጭታ ተንከባለለች፣ ተነሳች። አፏን የሞላውን የጥርስ መከላከያ እንደነከሰች ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ኩራቴንም ድንጋጤዬንም መደበቅ አልቻልኩም።

በዚያው ጨዋታ ግን ሌላ ነገርም ተፈጠረ። ከልጄ የቡድን ጓደኞች አንዷ ወድቃ ጭንቅላቷ መሬት መታ። ተነስታ መጫወት ቀጠለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን ራሷ ወደ አሰልጣኟ ሄዳ «መሬቱ እየዞረብኝ ነው» አለቻት። ማንም አላየባትም ነበር፤ ዝም ብትል ኖሮ ጨዋታውን ትጨርሰው ነበር። አሰልጣኟ ወዲያው ከሜዳ አስወጣቻት። በታዳጊና በማኅበረሰብ ደረጃ ቢያንስ 21 ቀን መቆየት ግዴታ ስለሆነ የሚቀጥሉት ጨዋታዎች ያመልጧታል፤ ልጅቷም ይህን ስላወቀች ከወላጆቿ መካከል ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ልጄ በመኪና ውስጥ፣ «አባዬ፣ ባትናገር ይሻላት ነበር አይደል?» አለችኝ። አይደለም አልኳት፤ አንቺ ጭቃው ውስጥ እጅሽን ስትሰጂ ያደረግሽውን እሷም አደረገች፣ የሷ ይከብዳል አልኳት። አልተቀበለችኝም፤ ቤት እስክንደርስ ተከራከርን።

የትልቁ ሊግ ተጫዋቾች በየዓመቱ ከመካከላቸው ደፋሩን በድምፅ መርጠው በሮበርት ሮዝ ስም የተሰየመውን ሽልማት ይሰጣሉ። የልጄ ቡድንም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ለአንዲት ልጅ የድፍረት የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ የዚህን ሳምንት ለልጄ ሊሰጡ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ። ዛሬ ማታ ለአሰልጣኟ ስልክ ደውዬ የሁለቱም ስም እንዲጻፍበት እጠይቃለሁ።